አሥራ ሁለት ክሬይፊሽና የወይዘሮ ወይንሸት ሎሚ

ወንዙ እምሩን እስከ ደረቱ ዋጠው። ዝናቡ ሳያባራ አድሯል፤ ከሳን ሆዜ ከተማ በላይ ባለው ጥብቅ ፓርክ ጅረቱ ሁሉ እየደነፋ ይወርዳል።

«ውጣ አንተ! ለእናትህ ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብለው ወይዘሮ ወይንሸት ከዳር ጮኹ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ የእምሩ መኪና ስለተበላሸ በቫናቸው፣ ከነአስቤዛቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

«አንድ ብቻ ቀረኝ፣ እትዬ!»

የሚያድነው ክሬይፊሽ ነው፤ ጊንጥ የሚመስል፣ ቆንጣጭ የወንዝ ፍጥረት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ይዞ፣ መርምሮ ነፍሳቸው ሳይወጣ ካልመለሰ የፓርኩ ፈቃድ ያበቃል፤ ዶክትሬቱም አብሮ ያበቃል። የሚቆጥረው ግን ክሬይፊሹን ሳይሆን ገላው ላይ የሚኖሩትን ጥቃቅን ትሎች ነው። ይህን ለእትዬ መንገር አፍሯል። ሰባት ዓመት ተምሮ ትል!

አሥራ ሁለተኛውን ባልዲው ውስጥ እንደጨመረ አንድ ራኩን፣ ድመት የሚያህል ሌባ የዱር እንስሳ፣ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ቦርሳውን ነጥቆ ሮጠ። ቆጠራውን የሚመዘግብበት ደብተርና የምሳው ድፎ ዳቦ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

«ባልዲውን ይጠብቁልኝ!» ብሎ እምሩ እሾህ እየቧጨረው ዳገቱን ተከተለው። ግማሽ ሰዓት ተሳደዱ። በመጨረሻ ራኩኑ ድፎ ዳቦውን ወሰደ፣ ደብተሩን ለባለቤቱ ተወ። ሌባም ይሉኝታ አለው።

ሲመለስ ወይዘሮ ወይንሸት ጓንት አጥልቀው፣ ሎሚ እየጨመቁ አገኛቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ትል ወርሷቸው ለፈረንጅ ፕሮፌሰር ልታቀርብ ነበር? ስማችን ይጥፋ? በሎሚና በጨው አጠብኩልህ፣ ክሊን!»

እምሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ዕንባው መጣ። «እትዬ፣ የምቆጥረው እኮ ትሉን ነው!»

«ታዲያ አትናገርም?»

«አፍሬ ነዋ።»

«ተነስ ይልቅ፣ ውሃው አልተደፋም። ዶሮ አጥቤ አላውቅም እንዴ? የአንዱን እጣቢ ከሌላው አላነካካም።»

እውነትም አሥራ ሁለት የምግብ መቋጠሪያ ፕላስቲኮች በተራ ተደርድረዋል። በየእጣቢው ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይጠማዘዛሉ። ሁለት ዓመት በወረንጦ ሲለቅም ግማሾቹ እየተቆረጡበት ኖሯል፤ ሎሚው አንድ ሳያስቀር አራግፏቸዋል። እየተሽቀዳደሙ ቆጠሩ፤ ክሬይፊሾቹንም እየተቆነጠጡ ወደ ወንዙ መለሱ።

ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት የፓርኩ ጠባቂ ደረሰ። ምን እንደቆጠሩ ጠየቀ።

እምሩ ክሬይፊሽ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ቀና ብሎ ቆመ። «ትል» አለ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መቶ አርባ ሦስት ትል።»

«ኖ፣ ኖ! ዋን ሞር!» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት ጣታቸውን በጠባቂው አፍንጫ ሥር ደቅነው። «ጓንቴ ላይ አለች። የሰባተኛው ናት፣ ደብተርህ ላይ ጻፋት።»