በቀኝ እጅ የተገኘው ምርኩዝ

ኢንስፔክተር አኬዮን ከሬሳው በፊት ሽታው ተቀበላት። የሰነበተ ሽንት፣ በላዩ ላይ የተደፋ በረኪና፣ ከማታ የተረፈ ዓሣ። በሐይቅ ዳሯ ከተማ በኪሱሙ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ የሕሙማን ማገገሚያ ግን አይታ አታውቅም። ወደ ሰባተኛው ክፍል ገባች።

ምዜ ራዲንግ በሲሚንቶው ወለል ላይ በሆዱ ተደፍቷል። ዕድሜውን ሙሉ በሐይቁ ላይ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ ስትሮክ የጣለው የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር። ግንባሩ ከአልጋው የብረት እግር ጋር ተጋጭቷል። ደሙ በቢጃማው ላይ እስከ ወገቡ ወርዶ ደርቋል። ወገቡ ላይ አስታማሚዎች በሽተኛ ሲያነሱ የሚይዙት ሰፊ ቀበቶ ታስሯል። ምርኩዙ በቀኝ መዳፉ ስር ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበሩም ፍሬኑ ተይዞ በቀኙ በኩል ቆሟል።

አኬዮ ወገቧን እየደገፈች ተንበረከከች። ሽባ የሆኑ እናቷን አራት ዓመት ስታነሳ ስታስቀምጥ የተጎዳ ወገብ ነው። ቀበቶውን ገለጥ አደረገችው። ከስሩ ያለው ቢጃማ በደም ደርቋል፤ የቀበቶው ውስጥ ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ከሆዱ ስር ግራ እጁን አወጣች። እጁ ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍታቸው ሦስት አረንጓዴ ክሮች አገኘች፤ ለማንም ሳታሳይ በፖስታ ከተተቻቸው።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አሉ የቤቱ ባለቤት ማዳም ኔሪያ፣ በሩ ላይ እንደ ቆሙ። ነጭ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። «አስታማሚዋ አፒዮ ስታነሳው ጣለችው፤ ከዚያ ጥላው ሄደች። ቀበቶው የሷ ነው። ሌሊቱን ተረኛዋም እሷ ብቻ ነበረች።»

«እርስዎ ገብተው አይተውታል?»

«እኔ? ከዚህ በሩ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ደም አልችልም። ያሳዝናል፤ ያን ቀኙን እንኳ እንደ ልቡ ማዘዝ ጀምሮ ነበር። በየቀኑ ከቢሮዬ ሆኜ አየዋለሁ።»

አፒዮ ግቢው ውስጥ፣ በፖሊስ መኪናው ጥላ ስር ባለ አግዳሚ ላይ፣ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ የአኬዮ አለቃ ወስኗል። አሁን አራት ተኩል ነው። ሰው በመግደል ከተከሰሰች የሚዋስላት ዘመድ እንኳ የላትም።

«ንጋት ላይ የት ነበርሽ?» አለች አኬዮ።

«ቧንቧው ጋ። አሥራ ስምንት አንሶላ ለብቻዬ አጥባለሁ።»

«ማን አየሽ?»

«አንሶላዎቹ።»

«ቀበቶውስ?»

«እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ሰቅዬው ሄድኩ። ማንም ያነሳዋል።»

አኬዮ ካቴናውን ፈታችላትና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ምዜ ራዲንግ ነኝ። አንሺኝ።»

«እሱ ከእርስዎ ይቀል ነበር» አለች አፒዮ፤ ወዲያው ግን ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ግዴለም፣ አውቀዋለሁ። ቀጥይ።»

አፒዮ ከልምምድ አዳራሹ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥታ በአኬዮ ግራ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጋ አስጠጋችው። ፍሬኑን ያዘች፤ የእግር ማሳረፊያዎቹን አጠፈች። ሌላ ቀበቶ በአኬዮ ልብስ ላይ አሰረችና ሁለት ጣት አስገብታ ጥብቀቱን ለካች። ከዚያ የራሷን ጉልበት ከአኬዮ ቀኝ ጉልበት ጋር ገጠመች። «ይኼኛው ይከዳዋል» አለች። «በግራ እጅዎ የወንበሩን ክንድ ይያዙ። ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ አፍንጫ ከእግር ጣት ይለፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

አኬዮ መቼ እንደ ተነሳች ሳታውቀው ወንበሩ ላይ አረፈች። እናቷን አራት ዓመት በብብታቸው ይዛ ስትጎትት መኖሯ ትዝ አላት። እናቷንም ወገቧንም ያሠቃየችው ባለማወቅ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ ኦቢየሮ በልምምድ አዳራሹ ውስጥ፣ ታማሚዎች ይዘዋቸው በሚራመዱባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች መካከል ቆሟል። ረጅምና ደልዳላ ሰው ነው፤ በግራ እጁ ትልቅ ሰዓት አስሯል።

«አፒዮ ዐይኗን ብትጨፍን እንኳ ወንበር በሞተ ጎን አታስቀምጥም» አለ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ምዜን የሚጠላው ማን ነበር?»

«ሐሙስ ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ምዜ ደግሞ አንደበቱ ተፈቶ ነበር። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ ይል ነበር።»

«ምኑን?»

ኦቢየሮ ወለሉን አየ። «ሠራተኛ ስለሚያንስ ማታ ማታ ሰዎቹን ከአልጋ ጋር ያስሯቸዋል። በአንሶላ። ጠዋት እስኪፈቱ ሽንታቸውም ሰገራቸውም እዚያው ነው።»

«ማነው የሚያስራቸው?»

«እናስራቸዋለን» አለ ቀስ ብሎ። «የማዳም ትእዛዝ ነው።»

አኬዮ ከእሱ አንድ እርምጃ ሸሸች። ሽታው አሁን ከእሱም የሚመጣ መሰላት።

የሟቹ ልጅ ኦሉኦች ኮሪደሩ ላይ ነው። ለአባቱ ያመጣው ጥብስ ዓሣ በፌስታል ውስጥ ቀዝቅዟል።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ቤት ልውሰድህ አልኩት። ሐሙስን ሳላይ ንቅንቅ አልልም አለ። ስከራከረው በጥፊ አላሰኝ።» ቀኝ ጉንጩን ዳሰሰ። «የቀረችው ግራው ብቻ ናት። ግን የመቅዘፊያ እጅ ነው፣ እህቴ። እስካሁን ያመኛል።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ፊቱ ግን አልታዘዘለትም።

በመጨረሻ አኬዮ ወደ ማዳም ኔሪያ ቢሮ ሄደች። ቢሮው ሽቶ ሽቶ ይላል። ማዳም በስልክ ሊነጋገሩ ሲወጡ ሄዳ በእሳቸው ወንበር ተቀመጠች። ወንበሩ መደገፊያ ላይ የታጠበ ሻርፕ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ እርጥበቱ ጀርባዋን ነካት። ፊት ለፊት በመስኮቱ ወደ ልምምድ አዳራሹ ተመለከተች። ግድግዳው ስለሚጋርዳቸው ዘንጎቹ አይታዩም። የሚታየው ታማሚዎች አቋማቸውን የሚያዩበት ትልቁ መስታወት ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ኦቢየሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ትልቁን ሰዓት በቀኝ እጁ ያሰረ ይመስላል።

አኬዮ ለጥቂት ጊዜ ሽታውን ረሳችው። ሻርፑን አንስታ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራቱንም መስታወቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሽማግሌውን አንስቶ የጣለው የለም» ብላ ጀመረች። «ደሙ ከቀበቶው ስር ነው፤ ቀበቶው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቀበቶው የታሰረው ምዜ ከሞተ፣ ደሙም ከደረቀ በኋላ ነው። ያሰረው ሰው አፒዮ እንድትጠየቅ ፈልጓል። ምርኩዙንና ወንበሩንም ያሰናዳው ያው ሰው ነው። ሁለቱንም በቀኝ አደረጋቸው። የምዜ ቀኝ ግን የሞተው ጎኑ ነበር። አፒዮ ታውቃለች፤ በየቀኑ ታነሳዋለች። ኦቢየሮ ያውቃል። ልጁም ጉንጩ ያውቃል። ቀኙ ይሠራ ነበር ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔን ነው?» አሉ ማዳም ኔሪያ ከመሐረባቸው ጀርባ። «ሁለት ወር ሙሉ በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

«አፒዮ፣ መስታወቱ ፊት ቁሚና ግራ እጅሽን አንሺ።»

አፒዮ አነሳች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ቀኟን ያነሳች ትመስል ነበር።

«ከወንበርዎ ላይ የሚታየው ይኼ ብቻ ነው» አለች አኬዮ። «ሰውየውን አላዩትም። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አጠገቡ አልቆሙም።»

«ቢሆንስ? መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ግራው ሞቷል ብለው ስላመኑ ጭብጡን ከፍተው አላዩትም።» ፖስታውን በመዳፏ ላይ ገለበጠች። ሦስቱ አረንጓዴ ክሮች ወደቁ። በሌላ እጇ እርጥቡን ሻርፕ ዘረጋች። አረንጓዴ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ዘርፉ ተነቅሏል። «በጠዋት ለምን አጠቡት?»

ኦሉኦች ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዝም እንዲል ልለምነው ነው የሄድኩት» አሉ ማዳም። «አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፍራሹን እያሳየኝ፣ ነይ ተቀመጪበት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ተቀመጪ አለኝ። እንደዚያ ለመናገር አንደበት ነበረው። ዞሬ ልወጣ ስል ከኋላ ሻርፔን ያዘ። ሳላየው በክርኔ ገፋሁት።»

«ሻርፑን ትተሽለት መውጣት ትችይ ነበር» አለች አኬዮ። አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። «ለምን ገፋሽው?»

ማዳም ኔሪያ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫን አደረጉ።

«ሸተተኝ» አሉ።

ኦሉኦች ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አኬዮ ካቴናውን ከኪሷ አውጥታ በማዳም እጆች ላይ አሰረች። መሐረቡን ከጣታቸው ወሰደች።

«አንተ ደግሞ» አለች ኦቢየሮን፣ «ምዜ ሐሙስ ሊናገር የነበረውን አንተ ትናገራለህ። ስለ ራስህ እጅም ጭምር።»

ኦቢየሮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አፒዮ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ነጻ መሆኗን እንደ ሰማች ወደ ትልቁ የመኝታ ክፍል ሄዳለች፤ ድምፅዋ ከዚያ ይሰማል። «አፍንጫ ከእግር ጣት ይለፍ፣ እማማ። አንድ፣ ሁለት።»

«በቢሮዬ በኩል መውጫ አለ» አሉ ማዳም ኔሪያ፣ ታስረውም በአገጫቸው እያመለከቱ።

«በዚህ ነው የምንወጣው» አለች አኬዮና የመኝታ ክፍሉን በር ከፈተች።

በግራና በቀኝ አሥራ ስምንት አልጋ ተደርድሯል። ታማሚዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩአቸው፤ ብዙዎቹ ሴትዮዋን በአካል የሚያዩት ገና ዛሬ ነበር። ማዳም ኔሪያ እስከ አምስተኛው አልጋ ድረስ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ በላይ አልቻሉም።