ግራጫው አረፋ

አረፋው ከመስታወቱ ገንዳ አፍ ላይ ኩፍ ብሎ ወጣ። የከሰል ማጥራት ውድድሩን ከበው የቆሙት ልጆች አጨበጨቡ፤ ሪቫ ግን አላጨበጨበችም። አረፋው ጥቁር መሆን ነበረበት፤ የወጣው ግራጫ ነው።

በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ሸለቆ ያደገ ልጅ ይህን አይስተውም። የከሰሉ ዱቄት አረፋው ላይ ተጣብቆ ይንሳፈፋል፤ ጭቃው ከታች ይቀራል። አረፋ የሚያስነሳው የጥድ ዘይት ሲበዛ ግን ጭቃውም አብሮ ይወጣል። ዘይቱን ያበዛችው ራሷ ሪቫ ነች። የሌሎቹ ቡድኖች ገንዳ አረፋ ሲደፍቅ የእነሱ ዝም ቢል ጊዜ፣ ቸኩላ ዘይቱን ገለበጠችበት።

የቡድን ጓደኛዋ ኮልተን አረፋውን ጨልፎ ሳህን ላይ ካደረቀ በኋላ ከጃኬቱ ኪስ ጥቁር ዱቄት የያዘ ትንሽ ላስቲክ አወጣ።

«አባቴ ከሚሠራበት የከሰል ማጠቢያ ያመጣሁት ነው» አላት በሹክሹክታ። «ንጹሕ ከሰል። ለዳኛዋ ይኼን ስጪያት።»

«የእኛ አይደለማ።»

«ባክሽ አታካብጂ። ዘይቱን የደፋሽው አንቺ፣ አፌን ይዤ ዝም ያልኩት እኔ።»

እውነቱን ነው፤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ያሸነፈ ቡድን ለክፍለ ግዛቱ ውድድር ቻርልስተን ይሄዳል፤ ኮልተን ለዚህ ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ መጫወት ትቷል። ሪቫን አሳዘናት። ላስቲኩን ተቀብላ ሌላ ሳህን ላይ ገለበጠችው።

ዳኛዋ ወይዘሮ ሃግሬቭ ከጎረቤት ጠረጴዛ ጨርሰው መጡ። የየቡድኑን ከሰል አቃጥለው አመዱን ይመዝናሉ፤ ጭቃ አይቃጠልምና አመዱ ያነሰለት ያሸንፋል።

«በሉ፣ የእናንተን አምጡ።»

ኮልተን ጥቁሩን ሳህን በጣቱ ወደ ሪቫ ገፋ አደረገው። እጇን ሰደደች፤ ጣቷ ጫፉን ነካው።

«የትኛው ነው ልጄ?»

ሪቫ ግራጫውን አነሳች። «ይኼ ነው። ዘይቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

«ያኛውስ?»

ኮልተን ጥቁሩን ሳህን ወደ ራሱ ሳበው።

«ያኛው ለውድድር አይደለም» አለች።

ዳኛዋ ሁለቱንም ልጆች አየት አየት አደረጉና ግራጫውን ይዘው ወደ ማቃጠያው ሄዱ።

«ፋራ» አላት ኮልተን። ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወደ በሩ አመራ።

ሪቫ ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። የአመዱ ቁጥር ሲጠራ ጠረጴዛው ጋ ሰው መኖር አለበት።