ፀሐይ የራበው ሰዓት

ሰውየው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ባትሪ ይቀየርለታል?»

«ይሄኛው ባትሪ አይቀየርለትም ጌታዬ። ምግቡ ብርሃን ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ርቦት ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ይነሣል።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጎደለም፤ አንድ ቃል አልተጨመረም። ይመጣል ተብሎ ከወንዙ ማዶ የተነገረለት ሰው መጥቷል። ሰዓት ሠሪው እፎይ ሊል ሲል ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ወደቀ።

የሰከንድ ቆጣሪዋ አንድ፣ አንድ እያለች አትሄድም። ሁለት ሰከንድ ትቆማለች። ሁለት መስመር ትዘላለች። ትቆማለች። ትዘላለች።

ሰዓቱ የእውነት ርቦታል።

ሰዓት ሠሪው ይህን በሽታ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ሰው በፀሐይ የሚሠራ ሰዓት ይገዛና መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ከወራት በኋላ «ሞተብኝ» እያለ ይዞት ይመጣል። እሱም መስኮቱ ላይ ይደረድርና «አልሞተም፤ እርስዎ ነዎት ጨለማ ቤት ያሰሩት» እያለ ያሾፍባቸዋል። ጠግቦ የኖረ ሰዓት ያለ ብርሃን አምስት ስድስት ወር ይቆያል። መዝለል የሚጀምረው ስንቁ ሊያልቅ ሲል ነው።

ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አየ። በስለላ መሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ስሙ «ድንቢጥ» ነው። አብረው ሠልጥነዋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አድረዋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ወንዙን እያቋረጠ ሰው የሚያሻግር እሱን የመሰለ አልተገኘም። እሱ ራሱ ለሰፈሩ ሰው ሰዓት ሠሪ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ዋርካ» ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚህች ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ የስንት ባለሥልጣን ሰዓት ከፍቶ ምን ማዳመጫ እንደቀበረበት የሚያውቁት እሱና ወዲያ ማዶ ያለው አለቃው ብቻ ናቸው።

መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ሰዎች በፀሐይ የሚሠራ ሰዓት የሚያድለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪ የማያስቀይር ሰው ሰዓቱን እንደ እሱ ላለ ሰው አያስከፍትም። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን መስኮት ላይ አውሉት። ሌላው ሲያስታውስ ያውለዋል። ድንቢጥ ግን በዚህ ነገር እብድ ነበር። የሸሚዞቹን ሁሉ የግራ እጅጌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ሁለት ጣት ያሳጥራል፤ ሰዓቱ እንዳይሸፈን። «ልጅ ብትወልድ እንዲህ አትንከባከበውም» ብለው ሲያሾፉበት «ልጅ ቢርበው ያለቅሳል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው» ይላቸው ነበር።

ዛሬ የለበሰው ሸሚዝ ሁለቱም እጅጌው እኩል ነው።

«አምስት ወር ሙሉ የት ጠፋህ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«መንገድ ቀያሾች ጋር ተቀጥሬ ነበር። ሜዳ ላይ ነዋ። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ። ፊቴን አታየውም?»

ፊቱማ ጠቁሯል። አፍንጫው ላይ ቆዳው ተልጧል። ግን የአምስት ወር ፀሐይ አይልጥም፤ ያደነድናል እንጂ። ይሄ የሁለት ሳምንት ፀሐይ ነው። ያሰናዱት የጸጥታ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ከጨለማ አውጥተው ግቢ ውስጥ አስቀምጠው አጥቁረውታል። ሰዓቱን ግን ሲይዙት ከቀበቶውና ከጫማ ማሰሪያው ጋር ፖስታ ውስጥ ከተቱት፤ ዛሬ ጠዋት አውጥተው መለሱለት። ሰውየውን ፀሐይ አሞቁት። ሰዓቱን ረሱት።

ሰዓት ሠሪው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከመንገዱ ማዶ ፌርማታው ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። አልተሳፈሩም። ሌላ መጣ።

አልተሳፈሩም።

«ሙሽራዋ የት ናት?» አለ ድንቢጥ። ሲናገር አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። እዚያ፣ ከሸሚዙ ሥር፣ የሚያዳምጥ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሙሽራ» የሚሏት የጸጥታ ቢሮው ጸሐፊ ነበረች። የት እንደደረሱ የማይታወቅ የሁለት መቶ አሥራ አራት እስረኞችን ስም በገዛ እጇ ተይባለች። ወረቀት ይዛ አልወጣችም፤ ዝርዝሩን እንዳለ በቃሏ አጥንታ ነው የጠፋችው። እሷ ከተያዘች እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ይጠፋሉ። ያለችበትን የሚያውቅ ሰዓት ሠሪው ብቻ ነው። አምስት ወር ድምፁ ጠፍቶ ሰሞኑን «አለሁ» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ የላከው ድንቢጥ፣ ተቀብሎ በጀልባ ሊያሻግራት ነበር የመጣው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። የዕለቱ የመጨረሻ ጀልባ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። «አላውቅም» ቢል አሁኑኑ ይገባሉ። እውነቱን ቢናገር ልጅቷ አለቀላት። መዋሸት አለበት፤ ከተማው ውስጥ እጅግ ሩቅ ወደሆነው ቦታ ሊሰዳቸው።

«ከቀለም ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሕንፃ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።»

ድንቢጥ ቀና ብሎ አየው።

መሥሪያ ቤቱ ሰው ፎቅ ላይ አይሸሽግም። ፎቅ መውጫው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ምድር ቤት፣ ሁልጊዜ ባለ ሁለት በር። ሥልጠና ሲገቡ በመጀመሪያው ቀን የተማሩት ይህን ነው። ድንቢጥ ይህን ረስቶታል ማለት ዘበት ነው። የጸጥታዎቹ ሰው ሆኖ ከሆነ ውሸቱን አሁን ያፈነዳዋል።

«ሦስተኛ?»

«ሦስተኛ።»

የሰከንድ ቆጣሪዋ ዘለለች። ደግሞ ዘለለች።

«ጥሩ» አለ ድንቢጥ።

ሰዓት ሠሪው ሂሳቡን በልቡ ሠራ። በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት። ሰባት ሰዓት ላይ ባዶ ቤት ሰብረው ይገባሉ፤ ወዲያው መሻገሪያው ይዘጋል። ጊዜው አይበቃም። ሌላ የሚሰጠው ውሸት ግን በእጁ አልነበረም።

«በአውቶቡስ ቅርብ ነው» አለ፤ የሚለው ጠፍቶት።

«በእግሬ ነው የምሄደው። አውቶቡስ ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ሳልደርስ ሌላ ሰው ካየች ደግሞ ከፎቁ ትዘላለች።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ታች አየ። ድንቢጥ ሲገባ ጀምሮ የቆመው ባንኮኒውን ተደግፎ ነው። ጫማው ከቁጥሩ የሰፋ ነው፤ ማሰሪያውም አልተሳበም። ውስጡ ያለው እግር ያበጠ ነው። ከበሩ እስከ ባንኮኒው ያለችውን አራት እርምጃ የመጣው እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ እግር የሚሠሩት የት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚህ እስከ ቀለም ፋብሪካው ደግሞ በጤነኛ እግር ሁለት ሰዓት ነው።

አወቀ። ድንቢጥ ውሸት መሆኑን እያወቀ ነው የሚሄደው።

ሰዓቱንም መስኮት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ የትም ቢሆን አምስት ደቂቃ ፀሐይ ሊያሳየው ይችል ነበር። አላሳየውም። እንደራበው አምጥቶ ሰዓት ሠሪ ፊት አኖረው።

ባንኮኒውን ዞሮ ሊያቅፈው ፈለገ። ግድግዳም ጆሮ አለው፤ የዛሬው ጆሮ ደግሞ የወንድሙ ደረት ላይ ነው የተለጠፈው።

«ሰዓቱ እዚህ ይዋል» አለ ድንቢጥ። «መስኮት ላይ አኑርልኝ።»

«መቼ ትወስደዋለህ?»

«ሲጠግብ።»

ወጣ። በሩ ላይ መቃኑን ይዞ አንድ ጊዜ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ፌርማታው ላይ ከቆሙት ሁለቱ ተያይተው እያጉረመረሙ በእግር ተከተሉት። ሦስተኛው ቀረ፤ ዓይኑን ሱቁ ላይ ተክሎ።

ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን መስኮቱ ላይ አኖረው። ሬዲዮኑን ከፈተ። መብራቱን እንደበራ ተወው። ሻይ ሊጠጣ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ አለፈ። የዘጠኝ ዓመት መሣሪያዎቹን፣ ኮቱን፣ የደንበኞቹን ሰዓት ሁሉ ጥሎ በጓሮ በር ወጣ። የሰው ንብረት ጥሎ መሄድ እንዲህ የሚያንገበግብ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ጸሐፊዋ ሁለት መንገድ ተሻግሮ በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ምድር ቤት፣ ባለ ሁለት በር።

«ተነሽ እህቴ። እንሄዳለን።»

«ሌላ ሰው ነው የሚመጣው አልነበር እንዴ ጋሼ?»

«መጥቷል። መንገድ ላይ ነው።»

ከዚህ በላይ አልነገራት። ለራሱ የክፉ ቀን መውጫ ብሎ የሸሸገው የባልና ሚስት የይለፍ ወረቀት ነበረው። እሱን መምዘዝ ማለት ሰዓት ሠሪ የሚባል ሰው ከዛሬ ጀምሮ የለም ማለት ነው። መዘዘው።

መሻገሪያው ላይ ጠባቂው ወረቀቱን እያገላበጠ አየው። ሰባት ሰዓት ከአርባ ነው። ድንቢጥ ገና እየሄደ ነው።

«ባልሽ ምን ይሠራል?» አላት ጠባቂው ድንገት።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥራ አልነገራትም። መንገሩን ረስቶታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ረስቶ አያውቅም።

የመጣለትን ሊናገር ሲል ቀደመችው።

«እሱ?» አለች ጸሐፊዋ፤ ከላይ እስከ ታች ገላምጣው። «እኔን ይጨቀጭቃል።»

ጠባቂው ሳቀ። «ይሄማ የሁላችንም ሥራ ነው» አለና ወረቀቱን መለሰላት።

ጀልባው ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ። ሰዓት ሠሪው ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ የሚቀረውን ከተማ አየ። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ በሩቁ ይታያል። እስከዚያ ደርሶ ይሆን? ወድቆ ይሆን? ወድቆስ ከነበረ ተነሥቶ ይሆን?

«ዝርዝሩ ውስጥ» አለ ዝግ ብሎ «የዛሬ አምስት ወር ግድም የገባ ሰው አለ?»

«ብዙ አሉ» አለች። «ስሙን ንገረኝና ልፈልግልህ። ሁሉም እዚህ ነው ያሉት።» ግንባሯን ነካች።

ሰዓት ሠሪውና ድንቢጥ አንድ ክፍል አብረው አድረዋል። ሲታመም አስታሞታል። የሚወደውን ዘፈን፣ እንቅልፉን፣ ሳቁን ያውቃል።

«ስሙን አላውቀውም» አላት።

እሷም ፊቱን አየችና ሌላ አልጠየቀችም። እየተንሾካሾከች ከመጀመሪያው ስም ጀምራ ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ነገረችው። እሱም አንዱ የድንቢጥ ይሆናል እያለ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ስሞቹ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ደረሱ። ሥራው ተሳካ ተባለ።

በሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ሰጡት፤ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መላኪያ ቅጽ መሙላት። ሌላ ስም፣ ሌላ መነጽር። የሥራ ባልደረቦቹ ዝምተኛ ነው ይሉታል። በዕረፍት ቀኑ ከቤቱ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል፤ የትም አይደርስም። ሁለት ሰዓት ስንት እርምጃ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር። አሥራ ሦስት ሺህ ገደማ ነው። ካወቀውም በኋላ መሄዱን አልተወም። አንዳንዴ ከኋላው የሚጎተት እግር ይሰማዋል። ዞሮ ሲያይ አንድ ሽማግሌ ወይ ዕቃ የተሸከመች ሴት ናት።

በሁለተኛው ወር አለቃው በሕዝብ ስልክ እንዲደውል አዘዘው። «አጎት» ነው የሚሉት።

«የድንቢጥን መዝገብ ልዘጋ ነው» አለ አጎት። «አንድ ቃል ነው የሚጻፈው። ወደቀ ወይስ ከዳ? ለእናቱ የሚነገራቸውም እሱ ነው። ሌላ ነገር አይነገራቸውም።»

«ወደቀ በል።»

«ቆይ እንጂ። ሱቁን የሰጣቸው ማን ነው?»

«እሱ ነው።»

«የይለፍ ቃሉንስ?»

«እሱ ነው። አምስት ወር ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው አስወጡት። አንተም ብትሆን ታወጣው ነበር። እኔም።»

«እኔ የምጠይቅህ እሱን አይደለም። አልከዳም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አለህ ወይ ነው።»

ሰዓት ሠሪው የሰፋ ጫማና ባንኮኒ የተደገፈ እጅ መዝገብ ላይ እንደማይገባ ያውቃል። ግንባሩን የስልኩ ሳጥን ላይ አስደገፈ። ከኋላው ወረፋ የያዙ ሰዎች እያጉረመረሙ ነው።

«አጎት።»

«አቤት።»

«እሱ ከድቶ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ከማን ጋር ታወራ ነበር?»

ከወዲያ በኩል ብዕር ወረቀት ላይ ሲጭር ተሰማ። አጭር ቃል ነው፤ ሁለቱም ቃላት አጫጭር ናቸውና የትኛው እንደተጻፈ በድምፁ አይለይም።

«እናቱን እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ አጎት። «ልጅዎ ወደቀ ብዬ።» ስልኩም ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው እጀታውን እንደያዘ ቆመ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እኛም እንደውል» አለች ከኋላው ያለች ሴት።

ይቅርታ ጠየቃትና ወጣ። ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ነበር። መንገዱ ሞልቶ ወደ ታችም ወደ ላይም ይጎርፋል። ሰው መሀል ገባና አብሮ ሄደ።