ያልተሰበሩት አምባሮች

ስልክ በጮኸ ቁጥር ሱላባ ልጇ የሞተች ይመስላት ነበር። የዛሬው እውነት ሆነ።

ልጇ ሄማንጊ ባሏ ቤት፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ተዘርግታለች። በጭካኔው የተነሳ ፍርድ ቤት ለያይቷቸው ከእናቷ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሲሞላ ፍቺ ልትጠይቅ ነበር። እስከዚያ ግን በሕግ ሚስቱ ናት። ባሏ ኒራንጃን አስከሬኗ የሚቃጠልበትን እንጨት አዝዟል፤ በሂንዱ ወግ የሚስትን እሳት የሚለኩሰው ባል ነው።

«ልጄን ስጡኝ» አለች ሱላባ።

«እሳቱን የምለኩሰው እኔ ነኝ» አላት።

ኢንስፔክተር ሬቫቲ ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። በሟቿ እጆች ላይ ባለትዳር ሴቶች የሚያደርጉት አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር ተደርድሯል።

«ለምን መጣች?»

«ልትታረቅ ነዋ!» አለ ኒራንጃን። «ጧት እዚሁ ፊቴ አምባሩን አጠለቀች። ስትወርድ አዳለጣት።»

«ውሸት!» አለች ሱላባ። «‹እናቴ ታማለች› ብሎ ጠርቷት ነው። አትሂጂ ብላት፣ ‹አንቺ ደግሞ ሁሌ ሞት ነው የሚታይሽ› ብላ ስቃብኝ ወጣች።»

«ታምሜ? እኔ?» አለች የኒራንጃን እናት ያሙና። «ቤተ መቅደስ ነበርኩ እኮ!»

«አምባሩስ የማን ነው?» አለች ሬቫቲ።

«የኔ ነው፣ ከሳጥኔ። ግን ምን ሊያደርግላት? ይሰፋታል። የሷ እጅ የሕፃን እጅ ነው። ለሠርጓ ጊዜ ሌላ፣ ልኳን መርጬ፣ በሳሙና አሽቼ ነው ያጠለቅኩላት።»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አለ ልጇ።

ሬቫቲ ተነሳች። «ሁላችሁም ቅረቡ።»

ለማቃጠሉ ሥርዓት የመጡት ጎረቤቶችና ካህኑም ቀረቡ።

«ይህ ብርጭቆ ነው» አለች። «ልጅቷ በድንጋይ ላይ ተንከባልላ አጥንቷ ሲሰበር፣ አንዱ አምባር እንኳ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ የተጠለቀላት ከወደቀች በኋላ ነው።» የሟቿን ክንድ ወደ ታች ዘንበል አደረገች፤ አምባሮቹ ተንሸራተው መዳፏ ላይ ወረዱ። «ያጠለቁላት እናትህ ቢሆኑ ልኳን አይስቱም። አንተ ግን አታውቅም። ስታጠልቅ አየሁ ያልከው፣ በፈቃዷ ተመልሳ ነበር እንድንል ነው። የገፋሃት አንተ ነህ።»

«ሚስቴ ናት!» ብሎ ጮኸ ኒራንጃን። «ፍርድ ቤት ምን አገባው! ትታኝ የት ልትሄድ!»

ያሙና ፊቷን በሳሪ ልብሷ ጫፍ ሸፈነች። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

«ከምርመራው በኋላ አስከሬኗ ለእርስዎ እንዲሰጥ አደርጋለሁ፣ እማማ» አለች ሬቫቲ፤ አምባሮቹንም ለማስረጃ አወለቀቻቸው። ሳሙና አላስፈለጋትም።

ሱላባ የልጇን ባዶ እጅ ያዘች። የሆነ ቦታ ስልክ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልደነገጠችም፤ የምትፈራለት ሰው አልነበራትም።