ያላለቀው የኖራ መስመር

ሁለቱ ወንድማማቾች ከአንድ ማህፀን ይውጡ እንጂ ፈጣሪ በአንድ ልክ የሰፋቸው አይመስሉም ነበር። ታላቁ የግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ሰፊና ዝምተኛ፣ ሲራመድ እንኳ መሬቷን የሚያስፈቅድ የሚመስል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለስን ሰንብቶ በዕረፍቱ ቀን ለሰፈሩ አማተር ቡድን በር ይጠብቃልና «ግድግዳ» ይሉታል። ታናሹ ቀጭን፣ ለፍላፊና ቁጡ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ባለው ከፊል ፕሮፌሽናል ክለብ አጥቂ ሲሆን፣ ዝላዩ «ፌንጣ» የሚል ስም አትርፎለታል። ጠዋት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ከሰዓት በኋላ ደሞዝ የሚያስገኝ ልምምድ ይሠራል።

በሁለቱ ሜዳዎች መካከል ያለው አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። ይሁንና ግድግዳ ማልያውን ራሱ አጥቦ፣ የሜዳውን መስመር ራሱ በኖራ አስምሮ፣ መረቡን ራሱ ሰቅሎ ነው የሚጫወተው፤ ፌንጣን ግን የታጠበ ማልያና የተወለወለ ታኬታ መንጠቆው ሥር ይጠብቁታል። እናታቸው «አንዱ ለኳስ ይከፍላል፣ ለሌላው ኳስ ይከፍለዋል፤ ሁለቱም እኩል እያነከሱ ይመጡብኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ግን ሳቁ ከዚያ ቤት ወጣ።

ግድግዳን ሜዳው ላይ ወድቆ ያገኘው የቡድኑ አምበል ነው፤ ሙያው ልብስ ሰፊ። የብረቱ ግብ ወደፊት ተገልብጦ፣ አግዳሚው በጀርባው የተንጋለለው በረኛ ግንባር ላይ አርፏል። ማልያውን ለብሷል፣ ጓንቱን አጥልቋል፣ ታኬታውን አስሯል። ከማዕዘኑ የተነሣው ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ቋሚው አጠገብ ሲደርስ ስሙን እንደ ጠሩት ሰው ድንገት ቆሟል።

ፖሊሶቹ በመጀመሪያ «አግዳሚው ላይ ሲንጠላጠል ወድቆበት ነው» አሉ። ሐኪሙ ግን ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል እንዳልደማ፣ የገደለው ከማጅራቱ በላይ ያረፈው ምት እንደ ሆነ ተናገረ። ወንድማማቾቹ በዋዜማው ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ወሬ እግር አለው፤ ገና ሬሳው ሳይነሣ ሰፈሩ ፌንጣን ፈረደበት። የፖሊስ አለቃውም አንዲት መርማሪ ጠርቶ «እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ታናሹን አስገባዋለሁ» አላት።

መርማሪዋ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ብዙ የምታይና ጥቂት የምትናገር ሴት ነበረች። ሜዳው ላይ ስትደርስ አምበሉ አፈር እየጫረ ቆሟል።

«ይህ ግብ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ነው?»

«ከኋላው የአሸዋ ጆንያ ካልተጫነበት በጣም ቀበጥ ነው፣ እመቤቴ። ጆንያዎቹ ግን ያው፣ ገና ከዳር ናቸው።»

«የሚጭነው ማን ነው?»

«ራሱ ነዋ! መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ጆንያ፣ ከዚያ መረብ። እኛ ዘንድ በረኛውም፣ ዘበኛውም፣ አናጢውም አንድ ሰው ነው። እኔም አምበል መሆኔ ለስሙ ነው፤ ዋና ሥራዬ ቁምጣ መጣፍ ነው።» ሊስቅ ጀምሮ ሬሳው ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ።

መርማሪዋ አንዱን ጓንት በቀስታ ሳበችው። ከሥሩ የሟቹ መዳፍ በደረቀ ኖራ ነጭ ሆኗል። ታኬታውን ገልብጣ አየችው፤ ጥርሶቹ ጠል ብቻ ነክቷቸዋል። የጫማው ክር ወደ ውጭ በኩል ተቋጥሮ፣ በቋጠሮው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ከቋሚው ሥር የተቀመጠውን የሟቹን ቦርሳ ከፈተች። በኖራ የተለወሰ አሮጌ የላስቲክ ጫማ፣ ታጥቦ በታጠፈ ፎጣ ላይ ተወርውሯል። ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው፤ ፊቷ ግን አብሮ ተዘጋ።

በሟቹ ቤት እናት ከታናሽ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሟቹ ሚስት የቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ከፌንጣ ላይ አትነቅልም።

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

ፌንጣ መሬት መሬት አየ።

«ተናገር እንጂ!» አሉ እናት። «አንዱን ቀብሬ ለሌላው ስንቅ ላመላልስ ነው?»

ልጁ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል፤ ዙሪያው በመርፌ ተበሳስቷል።

«የክለባችን ወጌሻ ከየግጥሚያው በፊት መርፌ ይወጋኛል። ሕመሙ ይጠፋል፤ ጉልበቱም አብሮ እየጠፋ ነው። ወንድሜ፣ ወንዴ፣ አየብኝ። ‹አሰናክለውህ ሲያበቁ ይጥሉሃል፤ ለሐኪም እናገራለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹አንተ እኮ የሚያጣህ ቡድን እንጂ የምታጣው ደሞዝ የለህም› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ሆነ።»

መርማሪዋ ያልተጠበቀ ነገር ጠየቀች። «ኖራና ታኬታ ይዋደዳሉ?»

«በምን ዕዳቸው! ኖራ ስፌት ይበላል። ልጅ ሳለሁ በአዲስ ታኬታ መስመር ረገጥኩና ጫማው አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንዴ እስካሁን የሚሰማኝ ጥፊ ነው ያቀመሰኝ።»

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻገረች። የክለቡ መልበሻ ክፍል የመታሻ ቅባት ይሸታል፤ ታኬታዎቹ ተወልውለው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ወጌሻው እጁ የለሰለሰ፣ አንደበቱ ከእጁ የባሰ የለሰለሰ ሰው ነበር።

«ሟቹን ያውቁታል?»

«የፌንጣ ወንድም መሆኑን ብቻ። ወንዙን ተሻግሬ አላውቅም፣ እመቤቴ። ምስኪን፤ ብቻውን ሲለማመድ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰዉ ነዋ። በረኛ ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ምን ይሠራል?»

ይህን ሲናገሩ አንድ ተጫዋች እያነከሰ ገባ። ወጌሻው ወሬውን ሳያቋርጥ ተንበረከከ፤ የልጁን ክር አጥብቆ ቋጠሮውን ወደ ውጭ አዞረው፣ ከጥቅሉ ፕላስተር በጥርሱ ቆርጦ በላዩ ለጠፈበት። «ሂድ፣ አሁን አይፈታም» አለው።

መርማሪዋ ስታመሰግነው እጇን አልዘረጋችለትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሬሳው በተገኘበት ሜዳ ተሰበሰቡ። እናት፣ ምራታቸው፣ አምበሉ፣ ወጌሻው፤ ፌንጣ በሁለት ፖሊሶች መካከል። ንፋሱ የቀረውን ኖራ በሣሩ ላይ ይነዛል።

«ገዳዩ ይህን ሰው አልብሶታል» አለች መርማሪዋ። «መዳፉ ኖራ ነበር፤ በላዩ ግን ጓንት ጠልቋል። ያለው አንድ ጓንት ነው፤ ኖራ የነካው እጁን በፍጹም አያስገባበትም። ታኬታው መስመሩን አልረገጠም፤ መስመሩን የረገጠው የላስቲክ ጫማ ደግሞ በንጹሕ ፎጣው ላይ ተጥሏል። ፎጣውን ራሱ የሚያጥብ ሰው እንዲህ አይጥልም። እንግዲያውስ ሲሞት እያሰመረ ነበር። ጫማውን ያስቀየረው ሌላ ሰው ነው። ለምን?»

«ለምን?» አለ አምበሉ ሳያስበው።

«በዚያ ሰው ዓለም በረኛ መስመር አያሰምርማ! በእርሱ ሜዳ መስመሩ ተሰምሮ፣ መረቡ ተሰቅሎ ነው የሚነጋው። በረኛን በግብ ሥር በላስቲክ ጫማ ትቶ ቢሄድ ማንም የማያምነው መሰለው። ስለዚህ ለልምምድ አሰናዳው። እርስዎ አምበል፣ ይህን ስሕተት አይሠሩም፤ የቡድንዎ ኑሮ ነው። ፌንጣም አይሠራውም፤ ትምህርቱን በጥፊ ተቀብሏል።»

ወደ ወጌሻው ዞረች።

«ቋጠሮው ወደ ውጭ ዞሯል፤ በላዩም ፕላስተር አለ። አምበል፣ ቡድናችሁ ፕላስተር አለው?»

«እኛ? የኔን ጨርቅ ቁርጥራጭ ነው የምናስረው።»

«ቁራጩ በእጄ ነው። ጫፉ በጥርስ የተቆረጠ ነው፤ ከኪስዎ ካለው ጥቅል ጋር እናስተያየዋለን። ወንዙን ተሻግረው አያውቁም ብለውኝ ነበር፤ ፕላስተርዎ ግን ተሻግሯል።»

የወጌሻው እጅ ወደ ኪሱ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሰው ልኮብኝ መጣሁ» አለ በመጨረሻ። «ለመንኩት። ‹ለሐኪም ሳልናገር አላድርም› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ኖራው ጎንበስ አለ። እንጀራዬን እኮ ነው! በዱላ… ጆንያ በሚሸከምበት ዱላ… አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።»

ፌንጣ ሊዘልበት ሲል እናቱ ክንዱን ያዙት። በእነዚያ ቀጫጭን ጣቶች ውስጥ ያን ያህል ኃይል እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ሳያገላብጡት ግቡን እዚያው ማጅራቱ ላይ ጥለው ብቻ ቢሄዱ፣ እዚያው በላስቲክ ጫማው፣ በኖራው እጁ ቢተዉት ኖሮ፣ ‹ሲያሰምር ንፋስ ጣለበት› ብለን አልቅሰን እንቀብረው ነበር። የያዘዎት ያለበሱት ልብስ ነው።»

ለቅሶው አልፎ ቤቱ የቤተሰቡ ብቻ ሲሆን፣ ፌንጣ እንጨት ተደግፎ ከእናቱና ከወንድሙ ሚስት ፊት ቆመ።

«ወስኛለሁ» አለ። «ክለቡን ለቅቄያለሁ። መርፌው ያበላሸውን ሐኪም እስኪያየው ድረስ ኳስ አልነካም። ወንዴ ያላለቀ መስመር ትቶ ሄዷል። በሚቀጥለው ግጥሚያ የማሰምረው እኔ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ እኔው ነኝ።»

ምራቲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናት ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ፖሊስ የመለሰውን የላስቲክ ጫማ ይዘዋል፤ ኖራው አልታጠበም። ጎንበስ ብለው በልጃቸው እግር ሥር አኖሩት።

«ታኬታህን እንዳታደርግ» አሉት።