ያልተላጨ ጢም

ሟቹ ከላቦራቶሪው ወለል ላይ ገና አልተነሣም፤ የጋዝ መከላከያ ጭምብሉም ፊቱ ላይ ነው። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት መርማሪ፣ እንቁላል እንኳ ከሷ ቀድሞ በእግሩ ይሄዳል እየተባለ የሚቀለድባት፣ ጎንበስ ብላ ጭምብሉን ስታወልቅ ሚስቱ ከበሩ ሥር አንድ ነገር ጠየቀች።

«ልላጨው?»

«ምን አልሽኝ፣ እህቴ?»

«ጢሙን። እንዲህ ሆኖ እዚህ ገብቶ አያውቅም።»

አላለቀሰችም። ድምፅዋ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የምትጠይቅ ሴት ድምፅ ነበር።

መርማሪዋ የሟቹን አገጭ ዳሰሰች፤ እንደ ታጨደ ማሳ ይኮሰኩሳል። «ቆዪ፣ ገና» አለቻት።

ሟቹ ኬሚካል ኢንጂነር ነበር። አዲስ የቆዳ ማልፊያ ዘዴ ፈልስፎ ፓተንቱን፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን፣ በስሙ አውጥቷል። በራሱ ቸልተኝነት ሞተ ከተባለ የሙያ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ከሸሪኩ ጋር በገባው ውል መሠረትም ፓተንቱ ከሚስቱ እጅ ወጥቶ፣ ሌላ ባለፈቃድ ወደሆነው ወደዚሁ ሸሪኩ ይዞራል።

ሸሪኩ ጢሙ ደረቱን የሚያለብስ፣ ፈቃዱን በወርቅማ ፍሬም ከራስጌው የሰቀለ ሰው ነው።

«ጭምብሉን አድርጎ ሲሠራ ማጣሪያው አልቆበት ነዋ! ስንቴ መከርኩት መሰለሽ። ምን ይደረግ፣ ጥንቁቅ አልነበረም።»

«እረፍት ላይ አልነበረም እንዴ?»

«ሥራ ወዳድ እረፍት አለው?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ቀና ብሎም አላያት።

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ፓተንቱ ላይ ስሜ የለም። ተጣልተናል። ብገድለውስ ስሜ ይገባል?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ላቦራቶሪው በር ላይ ሰብስባ ለየእጃቸው ጭምብል ሰጠች።

«ውስጥ ጋዝ አለ እንበል። አድርጉና እንግባ።»

ወንድምዬው አገጩን ዳበሰና ጭምብሉን መለሰላት። «ዛሬ አልተላጨሁም።»

ሚስቱ ጭምብሏን እንደያዘች ሸሪኩን ታያለች። እሱ በዚያ ሁሉ ጢም ላይ አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ቆሟል።

«ምነው?» አለ፣ ድምፁ ከእንስራ ውስጥ እንደሚወጣ።

«ጭምብል ጢም ላይ አይገጥምም» አለች መርማሪዋ። «ጋዙ በፀጉሩ መሃል ሾልኮ ይገባል። እዚህ የሚሠራ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ይመጣል እንጂ ሳይላጭ አይመጣም። ሟቹ አልተላጨም። እንግዲያው ሊሠራ አልመጣም፤ ጭምብሉንም እሱ አላጠለቀውም። ያጠለቀለት ይህን የማያውቅ ሰው ነው። የፈቃድ ፈተና ያለፈ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። ስለዚህ የእርስዎን ጢም ሳይ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደወልኩ፤ ፍሬምዎ ውስጥ ያለው የፈቃድ ቁጥር የአንድ ጡረተኛ ነው አሉኝ። ሟቹም በእረፍቱ ይህንኑ ጠይቋቸው ነበር። ሊያፋጥጥዎ መጣ፤ እርስዎ ጋዙን ለቀው በሩን ከውጭ ዘጉበት። አየሩ ሲጠራ ገብተው ጭምብሉን አለበሱት።»

ሸሪኩ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ከጭምብሉ ውስጥ ግን አልተሰማም። ፖሊሶቹም ሳያወልቁለት ወሰዱት።

«ጥንቁቅ ነበር፣ አይደል?» አለች ሚስቱ።

«ጥንቁቅ ነበር። ፈቃዱን የሚነካበት የለም፤ ፓተንቱም ያንቺው ነው።»

ሚስቱ የሰማች አትመስልም። ወለሉ ላይ ወዳለው ሟች ቀረብ ብላ ከቦርሳዋ ምላጭና ሳሙና አወጣች። «አሁንስ?»

«አሁን ላጪው።»

ወንድምዬው ጠጋ አለ። «እታለም፣ ውሃ ላሙቅልሽ?»

«ተወው» አለች። «በቀዝቃዛ ነው የሚላጨው።»