አሥራ ሁለቱ ነጥቦች

«ስህተት! ይኸው፣ ይሄም ስህተት!» ቁንዶ የኮምፒውተሩን ማውስ እንደ ጠላት ወጋችው።

ቁንዶና የክፍሏ ልጆች የትምህርት ቤት እረፍቱን የሚያሳልፉት አክስቷ በምትሠራበት የካርታ ቢሮ ነው። ሥራቸው ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ የተበተኑ ነጥቦችን አንድ በአንድ እያዩ «ደን»፣ «እርሻ»፣ «ግጦሽ» ወይም «መንደር» ብለው መመደብ ነው። አገሪቱ ምን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ እንደምትለቅ የሚገልጸው ሪፖርት የሚነሣው ከዚህ ነው። የአንዱን ሥራ ሌላው ያርማል፤ ከመቶ ነጥብ ከአሥር በላይ የተሳሳተ ይሰናበታል።

ዛሬ ለቁንዶ የደረሳት የማን ሥራ መሰላችሁ? የፈንዲሻ! ያቺ በሆነው ባልሆነው በሳቅ የምትፈነዳው የድሮ ጓደኛዋ። በሒሳብ ፈተና ከቁንዶ ኮርጃ ስትያዝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «እሷ ናት ከእኔ የኮረጀችው» አለች። ቁንዶ ትክክለኛ ሥራዋ ላይ ዜሮ ተጻፈባት።

አሁን ፈንዲሻ አንድ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ላይ ያሉ አሥራ ሁለት ነጥቦችን «ደን» ብላቸዋለች። ዛፍ ቀርቶ ቁጥቋጦ የለበትም! ፈንዲሻ ተሰናብታ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ለቁንዶ በሐሳቧ ታያትና ደስ አላት። በጣም ደስ አላት፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ኋላ እንዳያከራክራት የድሮ ምስሎችን ከፈተች። ከአሥር ዓመት በፊት ኮረብታው ባዶ ነበር። ቀጥሎ በመስመር የተተከሉ ችግኞች፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ዘንድሮ እንደገና ባዶ። አክስቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራቸዋለች፤ «ለጣውላ ቆርጠው መልሰው የሚተክሉት መሬት ባዶ ቢመስልም ደን ነው። እርሻ ካላችሁት ያልጠፋ ደን ጠፋ ብለን ልንጽፍ ነው።»

ወይ ጣጣ! ፈንዲሻ ልክ ነበረች።

የዘንድሮውን ምስል ብቻ አያይዛ «ስህተት» እንዳለችው ብታልፈው ማን ያውቅባታል?

«ቁንዶዬ፣ ጨረስሽ? ልልከው ነው» አለች አክስቷ ከበሩ ብቅ ብላ።

«አንድ ደቂቃ፣ አክስቴ።»

ጥርሷን ነክሳ አሥራ ሁለቱንም «ስህተት» አጠፋች፤ አንዱን ባጠፋች ቁጥር ፈንዲሻን አንድ ጊዜ በሆዷ እየሰደበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፈንዲሻ ጠረጴዛ ሄደች።

«የተሳሳትሽው ሦስት ብቻ ነው። አልፈሻል።»

የፈንዲሻ ዓይን ፈጠጠ። «ያ ኮረብታስ?»

«ደን ነው።»

«ታረቅን ማለት ነው?»

«እርምሽን አውጪ! ትምህርት ቤት የተከፈተ ቀን፣ ማን ከማን እንደኮረጀ ለመምህሩ ራስሽ ትነግሪዋለሽ። አለዚያ ክፍሉ ሁሉ ፊት አፋጥጬ አስለፈልፍሻለሁ።»

ፈንዲሻ ሳቋ ጠፋባት። «እንዲህ ከጠላሽኝ ታዲያ ለምን አልጣልሽኝም?»

«የተጣላሁት ካንቺ ነው» አለች ቁንዶ። «ደኑ ምን አደረገኝ?»